የታችኛውን ማሳ ያረሰው ማን ነበር

ባለፈው ወር ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶን ሄድሁ። ሥራ የፈታ ሽማግሌ ከስብሰባ አይቀርም፤ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፣ አንዳንዴም የላስቲክ ውሃ ይታደላል። ዕድሜዋ ከልጅ ልጄ ብዙም የማይበልጥ አንዲት ባለሙያ ከወረዳ መጥታ ስለ ሴቶች እርሻ ትናገር ነበር። ሴት ብቻዋን የምታስተዳድረው ማሳ ከጎረቤቷ ያነሰ የሚያፈራው አፈሩ ከፍቶ ወይም ሴትዮዋ ሰንፋ አይደለም፣ በጊዜው የሚያርስላት ስለምታጣ ነው አለች። ይህ ከቤት ቤት ሲደመር የአገር ድህነት ይሆናል አለች። ከኋላዬ ሁለት ጎልማሶች ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይንሾካሾካሉ። ልጅቱ አልተቆጣችም። አየችንና፣ «ከመካከላችሁ እርፍ ጨብጣ ያረሰች ሴት በዓይኑ ያየ አለ?» ስትል ጠየቀች። አንዱ ሳቅ አለ። እኔ አይቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እዚያው ቆየ።

ቤት ስገባ ልጄ «ምን አሏችሁ?» አለችኝ። «ስለ እርሻ ነው» ብያት ቁጭ አልሁ። የሚሰማኝን ስፈልግ ቆየሁ። ሐፍረት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ጸጸትም አይደለም። እግር ሲደነዝዝ የራስ መሆኑ ይታወቃል እንጂ አይሰማም፤ እንደዚያ ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም እንዲሰማኝ ብዬ አይደለም። ዳዊት ስደግም የያዝሁት ፊደል ስላለኝና ቀኑ ስለሚረዝምብኝ ነው።

የምኖረው ላሊበላ ነው፣ ልጄ ዘንድ። ብዙ ዘመን የአንድ ሆቴል ዘበኛ ነበርሁ። እንግዳ ከቀረ ወዲህ ሆቴሉ ግማሹን መስኮት ዘግቶ ተቀምጧል፤ አስጎብኚዎቹ ልጆች መንገድ ዳር ተደርድረው ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ መጀመሪያ ያወቅኋት ላሊበላ ግን አስፋልትም መብራትም አልነበራትም። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ከላይ የሚታየን የሣር ክዳንና ጥቂት ቆርቆሮ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እስኪቀር በዝቶ። ከገበያው በላይ ማዕዘኑ ላይ ከደሴ የመጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ነበራቸው። አቡጀዲ በክንድ ይቀዳሉ፣ ስኳር በኩባያ ይሰፍራሉ፣ የኮንጎ ጫማ በገመድ አስረው ከበሩ በላይ ይሰቅላሉ። ዋጋ ስንከራከራቸው «ወላሂ፣ በዚህ ዋጋ ደሴም አታገኛት» ይላሉ። ደሴን ያየ ከመካከላችን ስላልነበረ እናምናቸዋለን። ከጓዳቸው ሬዲዮ ይሰማል። አንዲት ሴት ስለ ሄደ ሰው ትዘፍናለች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ስለ ምርት ዕድገት ይነገራል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዘፈን። እኛ ባናችንን ትከሻችን ላይ ጥለን፣ ካኪ ቁምጣ ታጥቀን፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ብቻ ቆመን እንሰማለን። ያ ባና የበግ ጠጉር ስለሆነ ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ አለው። ዛሬ የሚለብሰው የለም፤ ከቻይና የመጣ ጃኬት ነው ሁሉም።

አገሬ ወደ ሙጃ ከተማ በሚወጣው ደጋ ላይ ነው። ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። እዚያ ቀን መቁጠር ማለት ውርጭን መቅደም ማለት ነው። ቶሎ ታርሶ በጊዜው የተዘራ ገብስ ፍሬውን ቋጥሮ ይጠብቀዋል፤ የዘገየውን እሸት ሳይሆን ያገኘዋል፣ ቁመቱ ደህና መስሎ ሲዳሰስ ባዶ ገለባ ነው።

እማዋይሽ የአጎቴ ልጅ የአለሙ ሚስት ነበረች። ከእኔ ሰባት ስምንት ዓመት ትበልጣለች። ፊት ለፊት «እትዬ» እያልሁ አንቱ ነበር የምላት፤ በልቤ ግን እማዋይሽ ብቻ ነበረች። አለሙ አንድ ጥቅምት ሰዎች መጥተው ስም ሲያነቡ ስሙ ተነበበና ሄደ። የትና ከማን ጋር እንደ ተዋጋ በደንብ አልገባንም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ባልንጀራው ካፖርቱን ይዞ መጣ። እማዋይሽ ካፖርቱን አጥባ ድንጋይ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ ቆርጣ ለትልቋ ልጅዋ ለየዝና ልብስ ሰፋችበት። ሌላዋ ልጅ ገና ትታዘል ነበር።

ሴትዮዋ መሬት ነበራት። ዳማና ቡላ የሚባሉ፣ ጥሩ የተቀናጁ ሁለት በሬዎች ነበሯት። ዘርም ከጎተራዋ አይጠፋም። የጎደላት እርፍ የሚጨብጥ ወንድ ብቻ ነው። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፣ ፍግ ተሸክማ ማሳ ትበትናለች። እርፍ ግን አትነካም። ብትነካ ሰማይ ይቆጣል፣ ወይ ዝናቡ ይቀራል ወይ በረዶ ይወርዳል ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም። ሲባል ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ የአባቴ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንሁ የራሴ መሬትም በሬም አልነበረኝም። ያለኝ ወንድ መሆኔ ነበር። በቃ፣ መሬቷን በእኩል ያዝሁት። በበሬዎቿና በዘሯ አርሳለሁ፣ ሲወቃ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእኔ ነው።

አሁን ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ የአባቴን አርሳለሁ። ከዚያ የወንድሜን። ከዚያ በወንፈል የተበደርሁትን ቀን እመልሳለሁ። ከዚያ የእማዋይሽ ይደርሳል። በራሷ በሬዎች የእኛን ማሳ አርሼ ስጨርስ፣ የእሷ አፈር ደርቆ ይጠብቀኛል። በየዓመቱ ዘግይቶ ይዘራል፣ በየዓመቱ ውርጭ ይነካዋል። እኔም ከግማሹ ስለምጎዳ ክፋት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ክፋት አልነበረም። ተራ ነበር። እሷ መጨረሻ ላይ የምትቆምበት ተራ።

አፈሩን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው አጥር ተከልለው እርፉን ያስይዟት እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓርብ ዝናብ ጥሎ ያደረ ጊዜ፣ አባቴ ቤት ድረስ መጣች።

«ካሳው፣ የታችኛው ማሳ እርጥበቱ ሳይሸሽ ይታረስ» አለችኝ።

«እስከ ማክሰኞ ይጠብቁኝ፣ እትዬ።»

«እኔ እጠብቅህ ነበር። መሬቱ አይጠብቅህም።»

«ማክሰኞ በጠዋት እመጣለሁ።»

እኛ ዘንድ የነበሩትን በሬዎቿን በዚያው ነድታ ሄደች፤ እስከ ማክሰኞ ስለማልፈልጋቸው አልከለከልኋትም።

የታችኛው ማሳ ከመንደሩ በታች ገደሉ ሥር ታጥፎ ያለ ነው። ከላይ አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማ። ማክሰኞ ሞፈርና ቀንበሩን ልወስድ ቤቷ ስሄድ እዚያ አልነበረም። ወደ ማሳው ወረድሁ። ታርሶ አልቋል። ትልሙ ቀጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ጠልቆ ተገልብጧል፣ ዳር ዳሩ እኔ ሁልጊዜ የምተወው ጥግ ሁሉ ሳይቀር ገብቶበታል። እማዋይሽ ከማሳው ጫፍ ተቀምጣ እግሯን እየጠረገች ነበር። ዳማና ቡላ ሣር ይግጣሉ።

«ማን አረሰው?» አልሁ።

«አንተ» አለችኝ።

ወደ ትልሙ ዞሬ አየሁ።

«አንተ ነህ ያረስኸው። ትናንት መጥተህ ጀመርህ፣ ዛሬ ጨረስህ። ሰው ቢጠይቅህ እንዲህ ነው። ግማሹን እንደ ወትሮው ትወስዳለህ።»

«ሳላርስ?»

«ስምህ ያርሳል። እኔ ስም የለኝም፣ እጅ ነው ያለኝ።»

እሺ አልሁ። ለምን እሺ እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ስለሷ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹን ስላሰብሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ። ዳማና ቡላ ከእሷ ጋር ቀሩ፤ የአባቴንና የወንድሜን ማሳ በሌላ ሰው በሬ ማረስ ጀመርሁ። ሰው የእርሻ ድምፅ እንዲሰማ እኔ ከማሳው በላይ አንድ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ጅራፌን ወደ ባዶ አየር አጮሃለሁ፣ «ና ዳማ፣ ተመለስ ቡላ» እያልሁ እጣራለሁ። መንደሩ ከላይ ይሰማል። እማዋይሽ ከታች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ታርሳለች። እሷ በሬዎቹን አትመታም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነጋግራቸዋለች፤ ምን እንደምትላቸው አይሰማኝም፣ ምላሷን ጠቅ ስታደርግ ብቻ እሰማለሁ። እነሱም የእኔን ጩኸት ትተው ያንን ይከተላሉ። ማሳው መጨረሻ ሲደርሱ ሳትጎትታቸው ይዞራሉ። ያንን ሳይ ምን ተሰማኝ? አስታውሳለሁ፣ ጀርባዬን ፀሐይ እየመታው ደስ ይል ነበር። የተቀቀለ ባቄላ በኪሴ ይዤ እበላ ነበር።

የዚያ ዓመት ገብስ ደረት ይደርስ ነበር። አራት ጭነት አልፎ ከማያውቀው ከዚያ ማሳ ስምንት ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባቄላውን ከገብሱ አፈራርቃ ዘራች፤ እሱም እንዲሁ። ሰው «ካሳው ገበሬ ወጣው» አለ። በማኅበር ጽዋ ላይ ሽማግሌዎች አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሚስቴን ያገኘሁት በዚያ ስም ነው፤ አባቷ የታችኛውን ማሳ ወርደው አይተው ነው ልጃቸውን የሰጡኝ። የግብርና ባለሙያው፣ ከቆላ የመጣ ለስላሳ ልጅ፣ ምስጉን ገበሬ ብሎ መዘገበኝ። ላሊበላ ወርጄ በሰው ፊት እጄን ጨብጠው ወፍራም ብርድ ልብስ ሸለሙኝ። ብርድ ልብሱን ተሸክሜ እማዋይሽ ቤት ሄድሁ።

«የእርስዎ ነው» አልኋት።

በእጇ ዳበሰችው። የዝና ከኋላዋ ብቅ ብላ አየችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ውሰደው። እዚህ ቢታይ ሰው ይጠይቃል።»

ወሰድሁት። ብዙ ዓመት ለበስነው።

ነገሩ የተበላሸው በበሬዎቹ ነው። በሦስተኛው ዓመት ወንፈል ወጥተን የአያ ደምሴን ማሳ ልናርስ ተሰባሰብን። አያ ደምሴ አንድ ዓይናቸው የማያይ፣ ከብት በማወቅ ግን የሚያህላቸው የሌለ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ዳማንና ቡላን ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ጠምጄ ጅራፌን አጮህሁ። አልተንቀሳቀሱም። ደግሜ አጮህሁ፣ ጠራኋቸው፣ ጎናቸውን መታሁ። ቆመው ጆሯቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሌላ ነገር ይጠብቃሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔን ጅራፍ የሰሙት ትርጉም የሌለው ጩኸት ሆኖ ነው። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየን። አያ ደምሴ ቀስ ብለው መጥተው የዳማን ግንባር አሻሹ።

«እነዚህ ጅራፍ አያውቁም» አሉ ዝግ ብለው። «የሚያነጋግራቸው ሰው አለ። ማን ነው ካሳው?»

«ዛሬ አሟቸዋል» አልሁ።

«እንግዲያው ይፈቱ» አሉና ሄዱ።

ያ ባልከፋ ነበር። ግን በነሐሴ መጨረሻ በረዶ ወረደ። ከላይ ያለውን ተረተር ሙሉ መታው። የአባቴን፣ የወንድሜን፣ የአያ ደምሴን፣ የብዙ ሰው ገብስ መሬት ላይ አንጥፎ ጭቃ አደረገው። የታችኛው ማሳ ገደሉ ሥር ስለታጠፈ ምንም አልነካውም። ቢመታው ይሻል ነበር። ሰው ጠዋት ወጥቶ የራሱን ማሳ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ሥር ወረደና አረንጓዴውን አየ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይራው ሥር ተቀመጥን። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች ቅጥሩን ተደግፈው በሌላው። አያ ደምሴ ስለ በሬዎቹ ያዩትን ተናገሩ። ሰድበው አልነበረም፤ ያዩትን ብቻ ነው የተናገሩት። ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ካሳው፣ በዚህ መስቀል ፊት ተናገር። የታችኛውን ማሳ እርፍ የያዝኸው አንተ ነህ?»

አዎ ማለት እችል ነበር። መስቀሉ የእንጨት ነበር፣ ጫፉ በብዙ ከንፈር ተስሞ ልስልስ ያለ። ውሸት በመሐላ ቢሆን ቤቴ ላይ የሚወርደውን አሰብሁ፤ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እውነት ብናገር ማን ላይ እንደሚወርድ ደግሞ አውቅ ነበር።

«እኔ አይደለሁም» አልሁ።

ስሟን አልጠራሁም። ያንን እንደ ውለታ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ማንም ስም አላስፈለገውም፤ ሁሉም ወደ ሴቶቹ ዞሩ። እማዋይሽ የትንሿን ልጇን እጅ ይዛ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ የሚያርስልኝ አልነበረኝም።»

«ካሳው ነበረልሽ» አሉ አያ ደምሴ።

«ነበረልኝ፣ አያ ደምሴ። ማክሰኞ ማክሰኞ።»

የሳቀ አልነበረም። የተቆጣም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ብዙ ሳይጨቃጨቁ ወሰኑ። ሞፈርና ቀንበሩ ተሰብሮ እንዲቃጠል፣ እማዋይሽ ንስሐ እንድትገባ፣ ማሳው ሰማይ እስኪታረቅ ጦም እንዲያድር። የቆመው ገብስ ታጭዶ፣ ከእሷ ድርሻ የተወሰነው ለቤተ ክርስቲያን እንዲገባ። ከዚያ ደግሞ ግማሹ፣ የአራሹ ድርሻ፣ ለእኔ እንዲሰጠኝ። አላረስሁም ብዬ በመስቀል ምዬ፣ የአራሽ ድርሻ ተሰጠኝ። ነገሩ ከዚያ ከተቀመጠው ሰው ለአንዱም አልተጋጨበትም። ለእኔም አልተጋጨብኝም። አህያ ጭኜ ወሰድሁ።

በሬዎቹን ለእርሻ የሚገዛቸው ጠፋ። የሴት አፍ የለመደ በሬ ማን ይጠምዳል ተባለ። ለሥጋ ተሸጡ። ገበያ የነዳኋቸው እኔ ነኝ፣ ሴት በሬ ነድታ አትሸጥምና። ብሩን ሳላጎድል አምጥቼ ሰጠኋት። የገና በዓል ሳይደርስ ልጆቿን ይዛ ወደ ላሊበላ ወረደች። የዝና ከአባቷ ካፖርት የተሰፋውን ልብስ ለብሳ ከኋላዋ ስትሄድ አይቻለሁ። እጅጌው አጥሯት ነበር።

ማሳው ጦም አደረ። በሚቀጥለውም ዓመት የሚይዘው ሰው ጠፋ። መጥፎ ዕድል አለበት ተባለና ሙጃና አሜኬላ በቀለበት። ከዚያ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም አነሰ። ስንዴ ከባሕር ማዶ በከረጢት ይመጣ ጀመር። ከረጢቱ ላይ የማናነበው ጽሑፍ ነበረው። ሰልፍ የምንይዝበት ቦታ ከታችኛው ማሳ በላይ ነበር፤ በአካባቢው ሜዳ እሱ ብቻ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ጫፉ እኔ ጅራፍ አጮህበት የነበረው ድንጋይ ጋ ይደርሳል። እዚያ ቆሜ ተራዬን ጠብቄአለሁ። ከሥሬ የገደሉ ውሃ እየነካው እርጥብ የሆነ፣ ዘር ቢያገኝ የሚያበቅል አፈር ነበር። ያንን አይቻለሁ፣ አስቤበታለሁም። ተራዬ ሲደርስ ከረጢቴን ዘረጋሁ።

በዚያው ሰሞን ያ ለስላሳ የግብርና ባለሙያ ምስጉን ገበሬውን ፍለጋ መጣ። ደብተሩን ከፈተ።

«አቶ ካሳው፣ ያኔ እንዴት ነበር የሚያርሱት? ለሌሎቹ እንዲያስተምሩ ተብሏል።»

«እንደ ማንኛውም ሰው ነው።»

«ምርቱ ለምን ወረደ?»

«ዝናብ» አልሁት።

ዝናብ ብሎ ጻፈ። ያ ወረቀት ወደ ወረዳ ሄዷል፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ። ከሌላ መንደር የመጣ ሌላ ወረቀትም አብሮት ይደመራል። አንዱ ዝናብ ብሏል፣ አንዱ ተምች ብሏል፣ አንዱ የአፈር መሸርሸር ብሏል። ዝናብም በእርግጥ ቀርቶ ነበር፤ አልዋሸሁም። ግን በዚያ ወረቀት ላይ እማዋይሽ የሚል ቦታ አልነበረም። ስንት መንደር ውስጥ ስንት ሴት እጇን አጣጥፋ ማክሰኞን ትጠብቅ እንደነበር የሚጻፍበት መስመር የለውም። እኔ ስለ አገር ኢኮኖሚ የማውቀው ይህንን ነው። ሰዎች በሬዲዮ አገራችን ለምን ደኸየች ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ሁሉም ደህና ምክንያት ነው የሚያመጡት። እኔ የማውቀው አንድ ማሳ ነው፤ እሱም ደህና ነበር።

እኔም ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬቱ ስላልበቃን ቤተሰቤን ይዤ ላሊበላ ወረድሁ። ሆቴሎች ይሠሩ ጀምረው ነበር። ለቀን ሥራ ስሄድ እማዋይሽን አገኘኋት፤ ድንጋይ ትሸከማለች። ወንድ ለቀን ሦስት ብር፣ ሴት ሁለት ብር ነበር፤ ድንጋዩ ግን አንድ ነው። እንደ ምን አደሩ፣ እንደ ምን አደርህ ተባባልን። ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፣ ደህና ናቸው አለችኝ። ስለ ሌላው አልተነጋገርንም። ያ ሆቴል ሲያልቅ ዘበኛ ሆንሁ፤ ወንድ ነው የሚፈልጉ። እሷ የተሸከመችውን ግንብ ነው ስጠብቅ የኖርሁ። ማታም ቀንም አጠገቡ ተቀምጬ ስለ እሷ ሳላስብ ያለፈው ዓመት ብዙ ነው።

ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ በነበረው ሳምንት አድራሻዋን ጠየቅሁ። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ አጠገብ ከየዝና ጋር እንደምትኖር ነገሩኝ። በእግሬ ሄድሁ። ቁርጭምጭሚቴ ስለሚያመኝ ብዙ ጊዜ አረፍሁ። ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ነው፣ ከኋላው በድንጋይ የተከለለ ጠባብ ጓሮ አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ድንች። ሁሉም በመቆፈሪያ የተቆፈረ ነው፤ መቆፈሪያን ሴት እንዳትነካ ያለ የለም። የዝና አሁን ራሷ አያት ሆናለች። አትክልቱን ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች፣ የልጆቿን ትምህርት ቤት የከፈለችው በእሱ ነው። እናትየዋ መደብ ላይ ተቀምጣ የሽንኩርት ራስ ትቆርጥ ነበር። ጎብጣለች። እጇ ግን ያው ነው፣ ሰፊ።

«ካሳው ነህ» አለች ቀና ብላ።

«እንደ ምን ከረሙ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። የዝና ጠላ ቀድታ ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለ ጤና ተነጋገርን፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሞቱ ሰዎች። ከዚያ ያሰብሁትን ተናገርሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው የመጣሁ። ያን ማሳ ያረሱት እርስዎ እንደነበሩ ለሰው መናገር እፈልጋለሁ።»

ሽንኩርቱን መቁረጧን አላቆመችም።

«ተናግረህ የለም እንዴ» አለች። «ምለህ ነው የተናገርኸው።»

«ያኔ እንደ ጥፋት ነው የተናገርሁት። አሁን እንደ ሙያ ልናገረው ብዬ።»

«ለማን?»

አሰብሁ። አያ ደምሴ ሞተዋል። ቄሱ አርፈዋል። ምስጉን ገበሬ ብሎ የመዘገበኝ ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። ሚስቴም እውነቱን ከሰማች ወዲያ አንድም ቀን ሳታነሣብኝ ሞታለች። ማሳው ራሱ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ያመኑኝ ሁሉ የሉም።

«አላውቅም» አልሁ።

«እንግዲያው ይቆይ» አለች።

እንደ ተቆጣች ወይም እንደ ታረቀችኝ ፊቷ ላይ ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም አላገኘሁም። የሽንኩርቱን ራስ በሰፌድ ሰበሰበች። ከዚያ ወደ ጓሮው አየት አድርጋ እንዲህ አለች፦

«የዝና ወገቧን እያመማት ነው። የድንቹ መደብ ሳይቆፈር ዝናቡ ሊገባ ነው። ዛሬ ሥራ አለህ?»

«የለኝም።»

«መቆፈሪያው ከግድግዳው ሥር ነው።»

ጋቢዬን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልሁና ያዝሁት። ከቀትር በፊት ሁለት መደብ ቆፈርሁ፤ ብዙ ጊዜ ነው የቆምሁት፣ ልቤ ይመታል። እሷ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ወደፊት በሄድሁ ቁጥር በርጩማዋን እየሳበች ከኋላዬ ትከተላለች። ያልተሰበረውን ጓል በእጇ ትፈረፍራለች፣ ሥሩን ለቅማ ወደ ዳር ትወረውራለች። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስጠርግ ድምፅዋን ሰማሁ። ዝቅ ያለ ነበር፤ ቁጣ የለበትም፣ ምስጋናም የለበትም።

«ጠለቅ አድርገው» አለችኝ።

«እሺ» ብዬ ጠለቅ አደረግሁት።